ነቀርሳን በነቀርሳ

ኮልፋክስ ጎዳና ዴንቨርን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ፣ አውሮራን አቋርጦ ወደ ምሥራቁ ሜዳ የሚዘልቅ ረጅም መንገድ ነው። አውሮራ ላይ ያለውን ክፍሉን የማያውቅ የኮሎራዶ ኢትዮጵያዊ አይገኝም ማለት ይቻላል። እንጀራው፣ ቡናው፣ ገንዘብ መላኪያው ሁሉ ከዚያው አካባቢ አይርቅም። ከተሞቹም ቢሆኑ ለኢትዮጵያ ባዳ አይደሉም፤ ዴንቨር ከአክሱም፣ አውሮራ ከአዳማ ጋር የእህትማማችነት ውል አላቸው። ኢትዮጵያውያን ከመምጣታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ግን ይህ መንገድ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነበር፤ በሳል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐኪሞች የሚያዙት ደረቅ አየር፣ ፀሐይና ዕረፍት ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረችው ዴንቨር ደግሞ ደረቅ አየርና ፀሐይ ሞልቷታል። ደም የሚተፉ ሰዎች ከምሥራቅ አሜሪካ በባቡር እየተጫኑ ጎረፉባት። በ1899 ናሽናል ጁዊሽ የተባለው ሆስፒታል እዚሁ ኮልፋክስ ዳር ተከፈተ። መመሪያው መክፈል የሚችል እንዳይገባ፣ የገባም እንዳይከፍል ነበር። በ1918 ደግሞ የአሜሪካ ጦር በዚያው መንገድ ወደ ምሥራቅ ዘልቆ፣ አውሮራ ላይ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባቸው በነቀርሳና በመርዝ ጋዝ ለተጎዳ ወታደሮች ትልቅ ሆስፒታል አቋቋመ። ሆስፒታሉ በ1920 ፊትዝሲመንስ ተባለ፤ በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ በአየር ድብደባ በተገደለ ወጣት ወታደራዊ ሐኪም ስም ነው። ግዙፉ ዋና ሕንፃ በታኅሣሥ 1941 መጀመሪያ ሲመረቅ ፐርል ሃርበር ሊመታ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጦሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግቢውን ለቀቀ። ዛሬ ቦታው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአንሹትዝ ሕክምና ግቢ ነው። አሮጌው ሕንፃ በአዳዲሶቹ መካከል ቆሞ ቢሮ ሆኗል። ሽንቱ ደም መስሎ የቀላበት፣ የአውሮራ ወይም የዴንቨር ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ ለምርመራ ሊላክ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ግቢ ነው። እዚያ የሚነገረው ቃል በአማርኛ ሲመለስ፣ በአጋጣሚ፣ በአንድ ወቅት ግቢውን የገዛው ቃል ነው፤ ነቀርሳ።

አማርኛ ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ስም ይጠራል። ሳንባ ነቀርሳ ሲባል የሚተላለፈው፣ የሚያስለው፣ የሚያከሳው ነው። ነቀርሳ ብቻ ሲባል ወይም የሌላ አካል ስም ሲጨመርበት ካንሰር ይሆናል። የሳንባ ካንሰርን ከሳንባ ነቀርሳ ለመለየት አስተርጓሚው የግድ የፈረንጁን ቃል መዋስ አለበት። «ፊኛ» የሚለውም ቃል የራሱ ጣጣ አለው። የሽንት ፊኛ ነው፤ ግን ልጆች በልደት ቀን የሚነፉትም ፊኛ ነው። «የፊኛ ነቀርሳ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አዛውንት ምን ሊታየው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የሚተላለፍ ነገር፣ ከሰው መደበቅ ያለበት፣ ሊፈነዳ በሚችል ቀጭን ነገር ውስጥ።

የሚገርመው፣ በዚህ በሽታ ላይ ቋንቋው የተሳሳተውን ያህል አልተሳሳተም። በጊዜ የተደረሰበት፣ ግን የመመለስ አደጋው ከፍ ያለ የፊኛ ካንሰር ከሚታከምባቸው ዋነኛ መንገዶች አንዱ የነቀርሳ ባክቴሪያ ነው።

ባክቴሪያዋን ኢትዮጵያዊው ያውቃታል። ክንዱ ላይ ጠባሳዋን የያዘ ብዙ ነው፤ ለአራስ ልጅ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ናት። ሁለቱ ፈረንሳውያን፣ አልቤር ካልሜትና ካሚል ጌሬን፣ ሊል ከተማ ውስጥ ከ1908 ጀምሮ ከታመመች ላም የተገኘውን የነቀርሳ ባክቴሪያ የበሬ ሐሞት በነካው ድንች ላይ እያራቡ፣ በየሦስት ሳምንቱ ወደ አዲስ ድንች እያዛወሩ፣ 13 ዓመት ቆዩ። በመካከሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሊልን ጀርመን ያዘው፤ ድንቹ ግን አልተቋረጠም። ከ230 ገደማ ዝውውር በኋላ ባክቴሪያዋ ሕይወት ቢኖራትም የመግደል ጉልበቷ ጠፍቶ ነበር። በ1921 ፓሪስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠች።

ከካንሰር ጋር ያገናኛት ሌላ መንገድ ነው። በ1929 ሬይመንድ ፐርል የተባለ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪ የአስከሬን ምርመራ መዝገቦች ሲያገላብጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ የነበረባቸው ሰዎች ላይ ካንሰር ያነሰ መስሎ ታየው። ስሌቱ በኋላ ብዙ ትችት ቀረበበት፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1976 ካናዳ ውስጥ፣ ኪንግስተን ከተማ፣ አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ዘጠኝ ሕመምተኞች ላይ የተሞከረውን አሳተሙ። ቢሲጂውን በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ፊኛ ውስጥ አስገቡ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ለምን ስድስት? የሚነገረው ታሪክ ክትባቱ ይመጣ የነበረው ስድስት ስድስት ብልቃጥ ሆኖ ታሽጎ ስለነበር ነው የሚል ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የመጀመሪያው ዙር ስድስት ሳምንት ነው። የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ለዚህ በሽታ የፈቀደው በ1990 ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ባክቴሪያዋ በፊኛው ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ሰውነት ወራሪ መጣ ብሎ ሠራዊቱን ይልካል፤ በመንገዱ ላይ ያለውንም የካንሰር ሕዋስ ይመታል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሁለት ሰዓት ያህል ይዞ ይቆይና ይሸናል። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሰዓት በሸና ቁጥር ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና አፍስሶ ይቆያል፤ ምክንያቱም የሚወጣው ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። አንድ ሽንት ቤት ለስድስት ሰው በሆነበት አፓርታማ፣ ልጅ እያንኳኳ፣ በረኪና ይዞ መቀመጥን ማንም በመመሪያ ወረቀት አይጽፈውም። ሳንባ ነቀርሳ ቤተሰብ ውስጥ ተደብቆ የኖረበት ሰው ደግሞ «ነቀርሳ ያስገቡብኛል» ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ማስረዳት የሚገባው ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚያስረዳው ስለሌለ ነው።

አቅርቦቱም የራሱ ችግር አለው። ሌላው አምራች ከገበያ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ ቢሲጂን ለፊኛ የሚያቀርበው መርክ የተባለው ኩባንያ ብቻ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል፤ በዚህ የተነሳ እጥረቱ ተደጋግሟል። ላም ላይ የተገኘች፣ ድንች ላይ ያደገች፣ ለዓለም ሕፃናት በነፃ የምትሰጥ ባክቴሪያ፣ በሀብታሟ አገር በወረፋ የምትገኝ ሆነች።

ለብዙዎች ይህ ይበቃል። ለሁሉም አይደለም።

ፊኛ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ ንብርብር ነው። ስስ ሽፋን አለው፤ ከሥሩ ተያያዥ ሥጋ፣ ከዚያ ደግሞ ወፍራም ጡንቻ። አዲስ ከሚገኙት የፊኛ ካንሰሮች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጡንቻው ጋ ሳይደርሱ የተያዙ ናቸው። የቀረው አንድ አራተኛ ጡንቻውን ነክቷል። ጡንቻ የነካ ወይም ቢሲጂ ያልበገረው ካንሰር ሲሆን ሐኪሙ የሚያነሳው ሐሳብ ሌላ ነው፤ ፊኛውን እንዳለ ማውጣት። በአሜሪካ በዓመት ከ80 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ካንሰር መያዙን ይሰማል፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ሦስትና አራት እጥፍ ይበዛሉ። ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ሲጋራ ነው። ጭስ በሳንባ ይገባል፤ መርዙ በደም ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ ከዚያ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ እስኪሸና ይቆያል። ፍራንክፈርት ውስጥ ሉድቪግ ሬን የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1895 ቀይ ቀለም በሚያመርት ፋብሪካ ከሚሠሩ 45 ሰዎች ሦስቱ ላይ የፊኛ እጢ አግኝቶ ነበርና፣ የሥራ በሽታ መሆኑ ከታወቀም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለ ሥራ ከተነሳ፣ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ የነዳ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሽንት መያዝ ሙያ ነው። በ2009 ሥራ በጀመረው የዩኒየን ታክሲ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ የራሳቸው መኪና፣ የራሳቸው ማኅበር፣ ግን ያው ወረፋ። በ2014 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት ቅኝት ስለ ታክሲ ሹፌሮች የሽንት አካላት የተጻፈውን ሰብስቦ፣ ሹፌሮች ከሌላው ሰው ይልቅ ለኢንፌክሽን፣ ለጠጠርና ለፊኛ ካንሰር የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል። ውኃ አለመጠጣት፣ አለመሽናት፣ ጭስ፣ ሲጋራ፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። ሹፌሩ ግን ደም ሲያይ የሚለው ይታወቃል፤ «ውኃ ስላልጠጣሁ ነው።» ሕመም የለውማ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ያ ነው። ደሙ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ የጠፋበት ወር እንደ ድኅነት ይቆጠራል።

ይህ የሹፌር ብቻ ስህተት አይደለም። ሂዩበርት ሃምፍሪ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በ1967 ሽንቱ ውስጥ ደም ታየ። ናሙናው ተመረመረ፤ ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ አይደለም በሚል አልተስማሙም። ሃምፍሪ በ1968 መጀመሪያ በአፍሪካ ጉዞው አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገረ፤ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በኒክሰን ተሸነፈ። ክትትሉ ቀጠለ። በ1973 የጨረር ሕክምና ወሰደ። በጥቅምት 1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ፊኛው ወጣ፤ ያን ጊዜ ግን ካንሰሩ ጡንቻውን አልፎ ነበር። በጥር 1978 አረፈ። በ1994 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የ1967ቱን የሽንት ናሙና አውጥተው በዘረመል ምርመራ ሲያዩት፣ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ በወጣው ፊኛ ውስጥ የተገኘው ያው የተበላሸ ጂን በመጀመሪያው ናሙና ውስጥም ነበር። ማለትም ነገሩ ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር፤ አንባቢ አጣ እንጂ። ይህን የሚያነብ ሁሉ ቶሎ ቢወጣ ኖሮ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። እውነት ሊሆን ይችላል። በ1967 ግን ፊኛ ማውጣት ዛሬ የሆነውን ያህል የሚመከር ነገር አልነበረም፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ገና እየተማረ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ አንድ ጥያቄ ነው፤ ፊኛው ከወጣ ሽንቱ የት ይሂድ? በ1887 ኮሎኝ ውስጥ በርንሃርድ ባርደንሆየር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊኛን በሙሉ ለካንሰር አወጣ። ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱትን ሁለት ቱቦዎች የሚያገናኝበት ቦታ አላገኘም፤ እንዲሁ ተዋቸው። ሕመምተኛው 14 ቀን ኖረ። ማውጣቱን እጅ አወቀበት፤ ማስቀመጫውን ግን ማንም አላወቀም።

ከዚያ በፊት በ1852 ለንደን ውስጥ ጆን ሳይመን ፊኛው ተገልብጦ ለተወለደ ልጅ ቱቦዎቹን ወደ ትልቁ አንጀት አገናኝቶ ነበር። ሐሳቡ ለመቶ ዓመት ያህል ቀዶ ሐኪሞችን ሲያታልል ኖረ። ተፈጥሮ አንድ በር ሰጥታለች፤ ሽንትም ሰገራም በዚያው ይውጣ። ግን የሰገራ ጀርም ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ አንጀትም ሽንቱን መልሶ ይመጥጠዋል፤ ደም ይመረዛል። በ1950 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዩጂን ብሪከር ነገሩን ቀለል አደረገው። ከቀጭኑ አንጀት አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ ለየ፤ የተቀረውን አንጀት መልሶ ሰፋው። የተለየችውን ቁራጭ በአንድ ጫፏ ከኩላሊት ቱቦዎች ጋር፣ በሌላው ጫፏ ከሆድ ቆዳ ጋር አያያዛት። ሽንት በሆድ ላይ በምትገኝ ቀይ፣ እርጥብ፣ ስሜት በሌላት ትንሽ አፍ በኩል እየወጣ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ስቶማ ይባላል። ሰባ ዓመት አልፎም አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሚሠራው ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ ፊኛን ከአንጀት መሥራት ነው። እዚህ ላይ ችግሩ አንጀት ዝም ብሎ የማይቀመጥ ሥጋ መሆኑ ነው፤ ሥራው መጭመቅና መግፋት ነው። ስዊድናዊው ኒልስ ኮክ ካሳዩት አንዱ፣ አንጀትን እንደ ቱቦ ሳይሆን በቁመቱ ቀድዶ፣ እንደ ጨርቅ ዘርግቶ፣ አጥፎ ሲሰፉት የሚገፋው ጉልበት እርስ በርሱ እንደሚጣፋ ነው። በ1980ዎቹ በርን ውስጥ ኡርስ ሽቱደር፣ ኡልም ውስጥ ሪቻርድ ሃውትማን ከግማሽ ሜትር በላይ ቀጭን አንጀት በዚህ መልክ አጥፈው ከተፈጥሮ ሽንት መውጫ ጋር የሚገናኝ አዲስ ፊኛ ሠሩ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል፤ አንጀት የርኅራኄ ቦታ ነው፣ አንጀቱ ራሰ፣ አንጀቱ ተላወሰ ይባላል። ችግሩ አዲሱ ፊኛ ስሜት የለውም። ሞልቷል ብሎ አይናገርም። ባለቤቱ በሰዓት ይሸናል፤ ቀን በየሦስት አራት ሰዓቱ፣ ሌሊት በደወል ተነስቶ፤ ሆዱን እየገፋ። ሌሊት ማምለጥ አለ፤ አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ራሱ በቱቦ ያወጣዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ የአፍሪካ ምዕራፍ አለ። ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ በአስከሬን ምርመራ ያገኘው ትል በውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ተሸክሞ በሰው ቆዳ ይገባና እንቁላሉን በፊኛ ግድግዳ ይጥላል። ከዓመታት ቁስለት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በናይል ዴልታ ያሉ ገበሬዎች የመስኖ ውኃ ውስጥ ቆመው እየሠሩ ለትውልድ ደም ሸኑ። በዚህ ምክንያት ግብጽ፣ ማንሱራ ከተማ የሚገኘው የኩላሊትና የሽንት አካላት ማዕከል ፊኛ የማውጣት ልምዱ በዓለም ከቀዳሚዎቹ ነው። ሞሐመድ ጎኒምና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የ2,720 ሕመምተኞች መዝገብ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚጠቀስ ነው። ዛሬ አውሮራ ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ በልበ ሙሉነት የሚናገረው ነገር ከፊሉ የተማሩት ከአባይ ገበሬዎች ሆድ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ አትርቅም። ያው የፊኛ ትል በአዋሽ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ፣ እንዲሁም ሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ደጋው ላይ ያለው ሌላኛው ዝርያ ነው፤ እሱ የሚጎዳው አንጀትንና ጉበትን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ይህንኑ የአንጀቱን ትል ሲያጠኑ ነው። እንዶድ ግን ዝርያ አይመርጥም፤ ቀንድ አውጣ ይገድላል።

የሐኪሙ ቃል የሚነገርበትን መንገድ ደግሞ ያው ፊትዝሲመንስ ሕንፃ ይመሰክርለታል። በመስከረም 1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ውስጥ በአማቶቹ ቤት ሳለ ልቡን አመመው። መጀመሪያ የተነገረው የሆድ ሕመም ነው የሚል ነበር። ከሰዓታት በኋላ ግን እውነቱ ወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ወደ ስምንተኛው ፎቅ ተወሰደ። የልብ ሐኪሙ ፖል ደድሊ ኋይት ለጋዜጠኞች ስለ ልቡ በዝርዝር ካስረዳ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሰገራ መውጣቱንም ጨመረበት። አሜሪካ በሽታን በአደባባይ የመናገር ልማዷን ካጠናከረችባቸው ቀናት አንዱ ያ ነው። በእኛ በኩል አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም ነበር፤ ሕመማቸውም ለዓመታት በሹክሹክታ የኖረ ነው። የቤተ መንግሥት ፖለቲካ ነው ቢባልም፣ ልማዱ የቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ የሚያባብል ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት አንትሮፖሎጂስት በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ይህንን ለአሜሪካ ሐኪሞች ጻፉላቸው። ለኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ክፉ ዜና በቀጥታ አይነገረውም፤ ለቤተሰቡ ወይም ለቅርብ ወዳጁ ይነገርና እነሱ ተገቢውን ጊዜና ቦታ መርጠው፣ በወጉ ይነግሩታል። የአሜሪካ ሐኪም ደግሞ የሕመምተኛው መብት ነው ብሎ ፊት ለፊት ይናገራል። ሐኪሙ ሐቀኛ ነኝ ይላል፤ ቤተሰቡ ጨካኝ ነው ይለዋል። ጽሑፉ ከታተመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጠቡ አላለቀም። እንዲያውም አዲስ ነገር ተጨመረበት። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በወጣ የፌዴራል ደንብ የምርመራ ውጤት እንደወጣ ለሕመምተኛው በስልኩ ይደርሳል። ሐኪሙ ሳያየው ሊደርስ ይችላል፤ ዓርብ ማታ ሊደርስ ይችላል። እንግሊዝኛ የሚያነበው ልጁ ነው። ልጁ አባቱን ለሐኪም እንዳያስተረጉም፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕግ ይከለክላል፤ ስልክ ላይ የመጣውን ወረቀት እንዳያነብ ግን የሚከለክለው የለም። መርዶ ነጋሪው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ሰዓቱም ሌሊት ሆነ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ስለ ሕመምተኛው ነው የተነገረው። ለሕመምተኛው የሚደብቁትን ግን አይነካም። በፊኛ ካንሰር ላይ መደበቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሌሎቹ ይለያል፤ ምክንያቱም የሚወሰነው ነገር ስለ ሞት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ከሞት ተርፎ በየቀኑ አብሮት የሚኖረው ነገር ነው። ከረጢት ወይስ ከአንጀት የተሠራ ፊኛ? ቤተሰብ በእሱ ስም ሊመርጥለት የማይችል ነገር ነው። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምናው ከወንድ ፕሮስቴቱንም ያነሳል፤ ከሴት አብዛኛውን ጊዜ ማሕፀንንና ከብልት ግድግዳ ከፊሉን። የባልና ሚስት ነገር ይለወጣል። በአማርኛ ይህን የሚናገር ሰው የሚያገኘው ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። አስተርጓሚ ላብ በላብ የሚሆንበት ቦታ እዚህ ነው፤ በተለይ እሷ የሃያ አምስት ዓመት ሴት፣ እሳቸው የሰባ ዓመት አባት ሲሆኑ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ አለ። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ኬሞ ወስደው ፊኛቸው የወጣላቸው ሕመምተኞች መካከለኛ ዕድሜ 77 ወር፣ ሳይወስዱ የወጣላቸው ደግሞ 46 ወር መሆኑን አሳየ። ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ለማወቅ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ዳን ቴዎዶሬስኩና ቶማስ ፍሌግ፣ ከእጢው ጂን የሚያነብ ስሌት ላይ ሠርተዋል፤ ውጤቱ የተፈለገውን ያህል ግልጽ አልሆነም። ኬሞውን ከጨረር ጋር አጣምሮ ፊኛውን ለማትረፍ መሞከርም አለ፤ ለአንዳንዱ ይሆናል። በግንቦት 2025 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊኛ ለሰው ተተከለ። ዜናውን ሰምቶ «እኔም እጠብቃለሁ» የሚል ሕመምተኛ አይታጣም። ጡንቻ የነካ ካንሰር ግን የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ዴንቨር ራሷ ታውቀዋለች። በ1963 ቶማስ ስታርዝል እዚህ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክር ሕፃኑ ጠረጴዛ ላይ ሞተ፤ ዕድሜ የሰጠ ንቅለ ተከላ የተገኘው በ1967 ነው።

ስለዚህ ለብዙዎች ጥያቄው ወደ ሆድ ላይ ይመለሳል። ከረጢት ከተመረጠ፣ ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ የስቶማ ነርስ ትመጣለች። የማይለቅ ብዕር ይዛለች። ሕመምተኛው ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ይጎነበሳል፣ ይተኛል፤ የቆዳ እጥፋት የማይመጣበት፣ ቀበቶ የማይረግጠው፣ በዓይን የሚታይ ቦታ ተፈልጎ፣ ብዙ ጊዜ ከእምብርት በስተቀኝ ዝቅ ብሎ፣ ነጥብ ይደረግበታል። ነርሷ የምትጠይቀው ስለ ሱሪ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ስፖርት ነው። ስለ ስግደት የምትጠይቅ ጥቂት ናት። ግንባሩን መሬት የሚያስነካ ክርስቲያን፣ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ የሚወርድ ሙስሊም፣ በሕማማት ሳምንት ቀኑን ሙሉ የምትሰግድ እናት፣ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ ቡና የምታፈላ ሴት፤ የእነዚህ ሆድ የሚታጠፈው ስፖርት በሚሠራ ሰው ልክ አይደለም። ሽንት በማይቋረጥበት ሰው ላይ ስለ ንጽሕና ምን እንደሚባልም መጠየቅ የሚገባው አስቀድሞ ነው። የሙስሊም ሊቃውንት ለዚህ መልስ አላቸው፤ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ኦርቶዶክሱ ከነፍስ አባቱ ጋር የሚነጋገረው ነው፤ ጾሙንም ጭምር፤ ውኃ አለመጠጣት ለኩላሊቱ ጥሩ አይደለምና።

በዚህ ላይ ሕመምተኛው ማድረግ የሚችለው ነገር ቀላል ነው፤ አስተርጓሚውን ጠርቶ፣ ነርሷ ፊት፣ ቤቱ እንደሚሰግደው አድርጎ ወለሉ ላይ መስገድ። ሲነሳ ነርሷ ነጥቡን አጥፍታ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋ መልሳ ትጽፈዋለች።